የሳዑዲ ዓረቢያ የውጭ ፖሊሲ ቅድሚያ ትኩረቶች፦ ከሪያድ እስከ አጣዬ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና የጣርማበርን ቁልቁለት ወርዶ ሸዋ ሮቢትንና ሰንበቴን ካለፈ በኋላ አጣዬ ይደርሳል። በሰሜን ሸዋ ዞን የኤፍራታና ግድም ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ከቀይ ባሕር በእጅጉ ርቃ የምትገኝ ብትሆንም፣ ከባሕሩ ማዶ ካለችው ሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ያላት ትስስር የቀረበ ነው። የሰሜን ሸዋ ቆላ፣ የአጎራባቹ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና የደቡብ ወሎ ወጣቶች በኮንትራትም ሆነ በባሕር ወደዚያች ሀገር ለሥራ ከሚሄዱት ኢትዮጵያውያን መካከል ሰፊውን ድርሻ ከሚይዙት ውስጥ ናቸው። የብዙ ቤተሰብ የቤት ክዳን፣ የልጆች የትምህርት ወጪና የእርሻ በሬ መግዣ በሐዋላ ከሚመጣው ገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው።

በዚህም ምክንያት በሪያድ የሚወሰን ውሳኔ በአጣዬና በአካባቢዋ በሚገኙ የወረዳና የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ሥራ ላይ ቀጥተኛ ተጽዕኖ ያሳድራል። ይሁን እንጂ ውሳኔዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት እንደ ድንገተኛ ክስተት ነው። የሳዑዲ ዓረቢያን የውጭ ፖሊሲ ቅድሚያ ትኩረቶች በቅደም ተከተላቸው ለተመለከተ ሰው ግን ድንገተኛ የሚመስሉት እርምጃዎች ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት አስቀድመው የታወጁ መሆናቸው ግልጽ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ቅድሚያ ትኩረቶቹን ማብራራትና ለመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎች ያላቸውን ትርጉም ማሳየት ነው።

የግንኙነቱ ታሪካዊ መሠረት

በይፋትና በዓረብ ባሕረ ገብ መሬት መካከል ያለው ግንኙነት በቅርብ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን በወላስማ ሥርወ መንግሥት ይመራ የነበረው የይፋት ሱልጣኔት በዘይላ ወደብ አማካይነት ከየመንና ከቀይ ባሕር ንግድ ጋር የተሳሰረ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሱልጣን ሰዓደዲን በዘይላ ከተገደሉ በኋላ ልጆቻቸው የተጠለሉት በየመን እንደነበር ታሪክ ይመሰክራል። ከዚያ ቀደም ብሎም በ7ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ የእስልምና ተከታዮች ከመካ ተሰደው በንጉሡ ነጃሺ ዘንድ መጠለያ ማግኘታቸው በዓረቡ ዓለም ዘንድ ሳይዘነጋ የኖረ ውለታ ነው።

ዘመናዊቷ ሳዑዲ ዓረቢያ በንጉሥ አብዱልአዚዝ መሪነት እ.ኤ.አ በ1932 የተመሠረተች ሲሆን፣ ነዳጅ ዘይት በብዛት የተገኘው ከስድስት ዓመታት በኋላ በ1938 ነው። የሀገሪቱን የውጭ ፖሊሲ አቅጣጫ ለብዙ አሥርት ዓመታት የወሰነው ደግሞ ንጉሡ እ.ኤ.አ የካቲት 14 ቀን 1945 በስዊዝ ቦይ መስመር በሚገኘው ታላቁ መራራ ሐይቅ፣ ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ያደረጉት ውይይት ነው። በዋዜማው በዚያችው መርከብ ላይ ከፕሬዚዳንቱ ጋር የተወያዩት ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ እንደነበሩ፣ ካነሧቸው ጉዳዮችም አንዱ የኤርትራና የባሕር በር ጥያቄ እንደነበር ይታወቃል። ሁለቱ የቀይ ባሕር አካባቢ መንግሥታት ከጦርነቱ በኋላ የሚመጣውን የዓለም ሥርዓት የተቀበሉት በአንድ መርከብ፣ በአንድ ቀን ልዩነት ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሪያድ የውጭ ግንኙነት በሦስት ምሰሶዎች ላይ ቆሞ ቆይቷል። የመጀመሪያው የመካና የመዲና ባለአደራነት የሚሰጠው ሃይማኖታዊ ክብር ነው። ንጉሥ ፋህድ እ.ኤ.አ በ1986 የንጉሣዊ ማዕረጋቸውን "የሁለቱ ቅዱሳን መስጊዶች አገልጋይ" ብለው መለወጣቸውና የእስላማዊ ትብብር ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት በጅዳ መሆኑ ለዚህ ማሳያ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ በ1960 በባግዳድ በተመሠረተው ኦፔክ በኩል የሚመራው የነዳጅ ኃይል ሲሆን፣ ሦስተኛው ከአሜሪካ ጋር ያለው የጸጥታ ትስስር ነው። እ.ኤ.አ በ1981 የተቋቋመውና መቀመጫውን በሪያድ ያደረገው የባሕረ ሰላጤው ትብብር ምክር ቤት ደግሞ የቅርብ ጎረቤቶችን ለማሰባሰብ ያገለግላል።

ቀዳሚው ትኩረት፦ ኢኮኖሚውን መለወጥ

በንጉሥ ሰልማን ዘመን፣ በተለይም እ.ኤ.አ በ2017 ልዑል አልጋ ወራሽ ከሆኑት መሐመድ ቢን ሰልማን ወደ ሥልጣን መምጣት ጋር፣ እነዚህ ምሰሶዎች አልፈረሱም። ነገር ግን ከሁሉም በላይ የሚቀመጥ አዲስ ዓላማ ተጨምሯል። ይኸውም እ.ኤ.አ ሚያዝያ 2016 ይፋ የሆነው "ራዕይ 2030" የተሰኘው የልማት ዕቅድ ነው። የዕቅዱ ፍሬ ነገር ሀገሪቱ በነዳጅ ገቢ ላይ ብቻ ያላትን ጥገኝነት መቀነስ፣ የግሉን ዘርፍ ማስፋፋትና ለዜጎቿ ሥራ መፍጠር ነው።

የሥራ ፈጠራው ጉዳይ ለምን ቀዳሚ እንደሆነ ለመረዳት እ.ኤ.አ የ2022ን የሕዝብ ቆጠራ መመልከት በቂ ነው። በቆጠራው መሠረት በሀገሪቱ ከሚኖረው 32.2 ሚሊዮን ሕዝብ ውስጥ 13.4 ሚሊዮን ያህሉ የውጭ ዜጋ ነው። ከሳዑዲ ተወላጆች ደግሞ 63 በመቶ የሚሆኑት ከ30 ዓመት በታች ናቸው። ሥራ ፈላጊ ወጣት የበዛበትና የሥራ ገበያው በውጭ ዜጋ የተሞላ መንግሥት የውጭ ሠራተኛን ጉዳይ የሚመለከተው ከራሱ የውስጥ መረጋጋት አንጻር መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ዕቅዱ ሲወጣ 11.6 በመቶ የነበረውን የዜጎች ሥራ አጥነት እ.ኤ.አ በ2030 ወደ 7 በመቶ ዝቅ የማድረግ ግብ የተቀመጠውም ለዚህ ነው።

ይህ የኢኮኖሚ ዓላማ የውጭ ግንኙነቱን ይመራል። ሪያድ ከሩሲያ ጋር በኦፔክ ፕላስ ማዕቀፍ የነዳጅ ምርትን መጠን የምትወስነው፣ ለቻይና በብዛት ነዳጅ የምትሸጠው፣ ከአሜሪካ ጋርም የጸጥታ ግንኙነቷን የምታጠብቀው አንዱን ወገን በሌላው ለመተካት አይደለም። ዕቅዱ የሚጠይቀውን ገንዘብ፣ ቴክኖሎጂና ጥበቃ ከሁሉም ለማግኘት ነው። የአሜሪካና የሩሲያ ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ በየካቲት 2025 በሪያድ መገናኘታቸው፣ በዚያው ዓመት መስከረም ወር ደግሞ ሳዑዲ ዓረቢያ ከፓኪስታን ጋር የጋራ መከላከያ ስምምነት መፈረሟ የዚህ ሚዛን አጠባበቅ መገለጫዎች ናቸው።

ሁለተኛው ትኩረት፦ የአካባቢውን ውጥረት ማርገብ

ትላልቅ የግንባታና የቱሪዝም ፕሮጀክቶች በጦርነት ቀጣና ውስጥ ባለሀብት አያገኙም። ሳዑዲ ዓረቢያ ይህንን የተማረችው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ መጋቢት 2015 በየመን በሁቲዎች ላይ የጀመረችው ወታደራዊ ዘመቻ ታስቦ ከነበረው ጊዜ በላይ ተራዘመ። እ.ኤ.አ መስከረም 2019 በአብቃይቅ የነዳጅ ማጣሪያ ላይ የደረሰው ጥቃት ደግሞ የኢኮኖሚዋ ዋና ሥር ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ መሆኑን አሳየ።

ከዚያ ወዲህ አቅጣጫው ተለውጧል። እ.ኤ.አ በ2017 በኳታር ላይ የተጣለው ማዕቀብ በጥር 2021 በአል ኡላ ስምምነት ተነሣ። በየመን እ.ኤ.አ ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ የተኩስ ማቆም ስምምነት ተደረገ። እ.ኤ.አ በ2016 ተቋርጦ የነበረው ከኢራን ጋር ያለ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት በቻይና አደራዳሪነት እ.ኤ.አ መጋቢት 2023 እንዲታደስ በቤጂንግ ስምምነት ተፈረመ። በፍልስጤም ጉዳይም እ.ኤ.አ በ2002 በቤሩት በቀረበው የዓረብ የሰላም ውጥን መሠረት የፍልስጤም መንግሥት መመሥረት ከእስራኤል ጋር ለሚኖር ግንኙነት ቅድመ ሁኔታ መሆኑን ሪያድ ደጋግማ የገለጸች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ ሐምሌ 2025 ከፈረንሳይ ጋር በመሆን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሁለት መንግሥታት መፍትሔን የሚመለከት ጉባኤ መርታለች።

ሦስተኛው ትኩረት፦ ቀይ ባሕርና የአፍሪካ ቀንድ

የሳዑዲ ዓረቢያ ምዕራባዊ ዳርቻ በሙሉ ቀይ ባሕር ነው። ከምሥራቃዊው የነዳጅ ክልል ተነሥቶ በያንቡ ወደብ የሚያበቃው 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የቧንቧ መስመር፣ እንዲሁም ኒዮምን የመሳሰሉት አዳዲስ ፕሮጀክቶች የተዘረጉት በዚሁ ዳርቻ ነው። በመሆኑም በጠባቡ ክፍሉ ከ30 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ስፋት ያለው የባብኤል መንደብ የባሕር ወሽመጥ ጸጥታ ለሪያድ የህልውና ጉዳይ ሆኗል። እ.ኤ.አ ከኅዳር 2023 ጀምሮ ሁቲዎች በመርከቦች ላይ ያደረሱት ጥቃት ስጋቱን አጉልቶታል።

ኢትዮጵያን በቀጥታ የሚነኩት እርምጃዎች ከዚህ የሚመነጩ ናቸው። የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች መስከረም 6 ቀን 2011 ዓ.ም በጅዳ በንጉሥ ሰልማን ፊት የሰላም ስምምነት መፈረማቸው አንዱ ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ ጥር 2020 በሪያድ የተመሠረተው የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ዓረብና አፍሪካ ሀገሮች ምክር ቤት ሳዑዲ ዓረቢያን፣ ግብፅን፣ ዮርዳኖስን፣ የመንን፣ ሱዳንን፣ ጅቡቲን፣ ሶማሊያንና ኤርትራን ያቀፈ ነው። አባልነቱ የባሕር ዳርቻ ያላቸውን ብቻ የሚመለከት በመሆኑ ኢትዮጵያ በምክር ቤቱ ውስጥ የለችበትም። በዓባይ ውሃ ጉዳይም ሪያድ በዓረብ ሊግ በኩል ከግብፅና ከሱዳን ጎን የቆመ አቋም ማንጸባረቋ ይታወቃል። እ.ኤ.አ በግንቦት 2023 ደግሞ የሱዳንን ተፋላሚ ወገኖች በጅዳ ለማደራደር ሞክራለች።

የምግብ ዋስትናም ከዚሁ ጋር የሚታይ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ የከርሰ ምድር ውሃዋን ለመቆጠብ ስትል እ.ኤ.አ በ2008 የስንዴ ምርቷን ደረጃ በደረጃ ለማቆም ወስና ባለሀብቶቿ በውጭ ሀገር እርሻ እንዲሠማሩ ማበረታታት ጀመረች። የቁም እንስሳት ገበያውም ቢሆን በዚያች ሀገር የውስጥ ውሳኔ የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። እ.ኤ.አ በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በተከሰተ ጊዜ ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባው እንስሳ ለዓመታት መታገዱ ለቆላው አርብቶ አደር ከባድ ጉዳት ነበር።

የሠራተኛው ጉዳይ፦ ለእኛ የውጭ፣ ለእነርሱ የውስጥ

ከላይ የተዘረዘሩት ትኩረቶች አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው። ሁሉም የሚነሡት ከሀገር ውስጥ ፍላጎት ነው። ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም ይፋ ያደረገችው የውጭ ጉዳይና የብሔራዊ ደህንነት ፖሊሲና ስትራቴጂ ሰነድ የውጭ ግንኙነት ከውስጥ ወደ ውጭ መታየት እንዳለበት ያስገነዝብ ስለነበር ይህ አመለካከት ለሀገራችን ኃላፊዎች እንግዳ አይደለም። የሌላውን ሀገር ፖሊሲ ለማንበብም የሚያገለግለው ይኸው መንገድ ነው።

በአጣዬ ላለ ቤተሰብ የልጁ ጉዳይ የውጭ ግንኙነት ጉዳይ ነው። በሪያድ ግን የሠራተኛው ጉዳይ በዋናነት የሚወሰነው የዜጎችን ሥራ አጥነት በሚከታተለውና የድንበር ጥበቃን በሚመራው አካል ነው። ወዳጅነት ብቻውን ውሳኔውን አያስቀረውም፤ የሚያለዝበው አስቀድሞ የተደረገ ስምምነትና ዝግጅት ነው።

የ1 መቶ 60 ሺህ ሰዎች ታሪክ ይህንን ያረጋግጣል። ሳዑዲ ዓረቢያ ድርጅቶች የሚቀጥሩትን የሀገር ተወላጅ መጠን የሚወስነውን "ኒታቃት" የተባለ ሥርዓት ያወጣችው እ.ኤ.አ በ2011 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ2013፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ያልተስተካከለ የውጭ ዜጎች ሁኔታቸውን እንዲያስተካክሉ ወይም ያለ ቅጣት እንዲወጡ የምሕረት ጊዜ ተሰጠ። ጊዜው ተራዝሞ ሰባት ወራት ያህል ከቆየ በኋላ ጥቅምት 25 ቀን 2006 ዓ.ም አፈሳው ተጀመረ። በተከታዮቹ ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። በዚያ ወቅት ድንገተኛ ተብሎ የተነገረው እርምጃ በሕግ ደረጃ ሁለት ዓመት፣ በማስጠንቀቂያ ደረጃ ሰባት ወር የቀደመው ነበር።

ተመሳሳይ ሂደት እ.ኤ.አ መጋቢት 2017 በ90 ቀናት የምሕረት አዋጅ ተደግሟል። በ2014 ዓ.ም ደግሞ በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ከ100 ሺህ በላይ ዜጎችን የመመለስ ሥራ በመጋቢት ወር ተጀምሯል። በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ ድንበር ላይ የሚያልፉ ስደተኞች የሚደርስባቸው አደጋ ከሁሉም የከፋ ነው። ሂውማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ ነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት የድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ገልጿል። የሳዑዲ ባለሥልጣናት ውንጀላውን መሠረተ ቢስ ሲሉ ያስተባበሉ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከሳዑዲ ወገን ጋር በመተባበር ጉዳዩን እንደሚመረምር አስታውቆ ነበር። ለአንድ የጸጥታ ቀጣና የድንበር ጥበቃ ምን ያህል ጥብቅ እንደሚሆን ከላይ ከተጠቀሰው የየመን ጦርነት ጋር አያይዞ መረዳት ያስፈልጋል።

ለአስፈጻሚ አካላት ያለው ትርጉም

አጣዬ የራሷ ቁስል ያለባት ከተማ ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም በደረሰባት ጥቃት አብዛኛው ክፍሏ ወድሟል፤ በርካታ ነዋሪዎችም ተፈናቅለዋል። ቤቱና ሱቁ የተቃጠለበት ቤተሰብ አንድ ልጁን ወደ ዓረብ ሀገር ለመላክ መወሰኑ የሚያስወቅስ አይደለም። በደላላ አማካይነት በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን የሚወስደው መንገድ ግን ሕይወትን ከማሳጣቱም በላይ፣ ያለ ሕጋዊ ሰነድ የደረሰውን ሰው በእያንዳንዱ አፈሳ የመጀመሪያው ተባራሪ ያደርገዋል። በዚህ ረገድ የወረዳና የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ሊያከናውኗቸው የሚችሉ ተግባራት አሉ።

አንደኛው መረጃን በዓይነቱ መያዝ ነው። በኮንትራት የሄደ፣ በባሕር የተሻገረ፣ በዑምራ ቪዛ ገብቶ የቀረ ሠራተኛ በሳዑዲ ሕግ ፊት የተለያየ ደረጃ አላቸው። ኢቃማው ያለፈበት ሰው የምሕረት ጊዜ ሲታወጅ ሊጠቀምበት የሚችለው ቤተሰቡ በወቅቱ ካወቀና ከነገረው ነው። የምሕረት አዋጅ በወጣ ሳምንት መልእክቱ በቀበሌ ስብሰባ፣ በመስጊድ፣ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ቀን ቢነገር፣ የሚሰጠው ጊዜ ሳይባክን ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው ሕጋዊውን መንገድ በዝርዝር ማስረዳት ነው። የውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛ የሚላከው የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት ሀገር መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪዎች በአሠሪው የሚሸፈኑ መሆናቸውንም በግልጽ አስቀምጧል። ስለዚህ እነዚህን ወጪዎች ከሠራተኛዋ የሚጠይቅ ደላላ ሕግ እየጣሰ መሆኑን ማንኛውም ባለጉዳይ ከወረዳው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት መስማት ይኖርበታል። ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚያስከትለው ቅጣትም እንዲሁ ሊታወቅ ይገባል።

ሦስተኛው የተመላሾችን ጉዳይ አውሮፕላኑ ከማረፉ በፊት ማሰብ ነው። የሳዑዲ የሥራ ገበያ ለዜጎች እንዲከፈት የሚያስገድደው ምክንያት በአንድ ዓመት የሚያልፍ አይደለም። በአንጻሩ ሪያድ እ.ኤ.አ የ2030ን ኤክስፖና የ2034ን የዓለም ዋንጫ ለማስተናገድ ስለተመረጠች የግንባታና የአገልግሎት ሠራተኛ ፍላጎቷ ይቀጥላል። ይህም ማለት የተመረጠና ሰነድ ያለው ሠራተኛ ይፈለጋል፤ ሰነድ የሌለው ይባረራል። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች እርስ በርስ የሚቃረኑ ሳይሆኑ የአንድ ፖሊሲ ሁለት ገጽታዎች ናቸው። በመሆኑም የሙያ ሥልጠና ዕቅድ የሚሄደውንም የሚመለሰውንም ያገናዘበ ሊሆን ይገባዋል። በሳዑዲ ዓረቢያ በግንባታ፣ በሹፍርና ወይም በእርሻ የሠራ ተመላሽ ባዶ እጁን ቢመጣም ሙያ ይዞ የሚመጣ ነው። የጠፋውን ለመተካት ለምትሠራ ከተማ ይህ ሙያ ዋጋ አለው።

ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ፍሬ ነገር የሳዑዲ ዓረቢያ የውጭ ፖሊሲ ለአፍሪካ ቀንድ ባለው ወዳጅነት ወይም ጥላቻ የሚመራ አለመሆኑ ነው። የሚመራው ለወጣቶቿ ሥራ፣ ለነዳጇ መስመርና ለድንበሯ ጸጥታ በምትሰጠው ቅደም ተከተል ነው። ይህንን ቅደም ተከተል የሚከታተል ባለሙያ ቀጣዩ የምሕረት ወይም የአፈሳ አዋጅ በሪያድ ሲነገር አስቀድሞ የያዘውን የስም ዝርዝር አውጥቶ ወደ ሥራ ይገባል። ያልተከታተለው ግን ዜናውን የሚሰማው ከቦሌ የተመለሰው ወጣት ለመሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብ ለመጠየቅ ወደ ጽሕፈት ቤቱ በገባ ጊዜ ይሆናል።